የምድር ቤቱ በር

ጎንደር፣ አራዳ
ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለኤልሳ ማሩ
በርገን፣ ኖርዌይ

ልጄ ኤልሳ፣ ያለሽበት ብርድ አጥንትሽን ሳይዘልቅ፣ የባዕድ አገር ሥራ ሳያጎብጥሽ ይህ ወረቀት እጅሽ እንዲገባ የደብራችን የአጣጣሚ ሚካኤል ፈቃዱ ይሁን። እኔ አለሁ። በዚህ ዘመን «አለሁ» ማለት «ደኅና ነኝ» ማለት ስለሆነ፣ ደኅና ነኝ።

ምነው በስልክ አይነግረኝም ትዪ ይሆናል። ኢንተርኔቱ ከነሐሴ ወዲህ ተዘግቷል። ስልኩ በሚሠራበት ቀን ደግሞ የምደውለው ከዝናሽ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው፤ ፎቁ ላይ የምንኖርባት ቤታችን እንደምታውቂው አንድ ክፍል ናት፣ ስለ እሷ የምለውን ሁሉ እሷ ትሰማዋለች። አርባ አንድ ዓመት በትዳር አብራኝ የኖረችን ሴት እዚያው ፊቷ ሆኜ እንደ ዕቃ ላወራባት አልወደድሁም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በፖስታ ይልክልሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት የዝናሽ ግማሽ ጎን አልታዘዝ አለ፤ ምላሷም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ስትመለስ አራት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ያን የውጭ ደረጃ አወጣት። ከዚያ ወዲህ አልወረደችም። ስድስት ወር ሙሉ ከፎቁ መስኮት የምታየው የሰው ጣራ ነው። ለሽንት የማነሣት እኔ ነኝ፤ እኔም ሰባ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አንድ ቀን ይዣት እወድቃለሁ።

ስለዚህ ምድር ቤቱን መኖሪያ ላደርገው አሰብሁ። አሁን ያለበት አሮጌው የስፌት መኪናዬና አቧራ ብቻ ነው። በጓሮ በኩል ያለችው በር ፍየል እንኳ ጎንበስ ብላ የምትገባባት ናት። በመንገዱ በኩል ሰፋ ያለ በር ልክፈት፣ አንድ መስኮት ላውጣ፣ ጥጉ ላይ ሽንት ቤት ላስገባ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ዝናሽ በሩ ላይ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚው «እንደምን ዋልሽ» ይበላት።

ታዲያ ቤቱ ቅርስ ነው። ቅድመ አያታችን ሲሠራው ማንንም አላስፈቀደም፤ እኔ ግን ሚስማር ለመምታት ማመልከቻ እጽፋለሁ። የቅርስ ቢሮው ሁለት ነገር ጠየቀኝ። መጀመሪያ የወራሾች ሁሉ ስምምነት። ወራሾቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ እኅቴ አማረች፣ በሟቹ አባትሽ በማሩ ፈንታ ደግሞ አንቺ። አማረች ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ መጥታ አሻራዋን አሳርፋ ተመለሰች። ቀጥሎ፣ ቤቱ አሁን ያለበት ሁኔታና ሊሠራ የታሰበው በፕላን ተነሥቶ ይቅረብ አሉ። «ማን ይሠራልዎታል?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «የወንድሜ ልጅ ኖርዌይ መሐንዲስ ናት» አልኋቸው። ጸሐፊዋ እንኳ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ።

ስምምነትሽንና ፕላኑን ከሁዳዴ በፊት ብታደርሺልኝ ዕዳዬ ነው። ዝናሽ ስምሽን ስጠራላት በዓይኗ ትመልሳለች።

አጎትሽ አለበል


በርገን
ጥር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ አለበል
ጎንደር

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? እትዬ ዝናሽን ግንባሯን ሳሙልኝ፤ ልጅሽ ኤልሳ ናት የላከችው በሏት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በእኛ ገና ዋዜማ ነው። ምነው ሳትነግሩኝ? በስልክ «ትንሽ አሟት ነበር» ነው ያላችሁኝ። እኔም አመንሁ። እዚህ ሆኖ መስማት የሚፈልጉትን ማመን ቀላል ነው።

ስምምነቱ በኤምባሲ መጽደቅ አለበት። ኤምባሲው ደግሞ እዚህ አገር የለም፣ ስዊድን ነው። ፈቃድ ጠይቄ ረጅም መንገድ በባቡር መሄዴ ነው፤ የሥራ ሰዓቴን እንደፈለግሁ የማዛውር ሰው አይደለሁም። እስከ ፋሲካ ይታገሱኝ።

ፕላኑን እኔ እሠራዋለሁ። የምውለው መሐንዲሶች ቢሮ ስለሆነ ወረቀትና ማስመሪያ አይቸግረኝም። ነገር ግን የእኔ ፊርማ እዚያ አይሠራም፤ የአገር ቤት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ቤቱን በዓይኑ አይቶ ከሥር መፈረም አለበት። አደራ፣ በዓይኑ አይቶ።

ልኬት ይላኩልኝ። የምድር ቤቱን ርዝመትና ወርድ፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ከወለል እስከ ጣራ ያለውን ከፍታ፣ ደረጃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ። ቤቱን ከለቀቅሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ በልቤ ያለው ቤት ልኬት የለውም።

ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ እንዳይቆስል ቅባትና በአየር የሚነፋ ፍራሽ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ፍራሹን አጥብቀው አይንፉት።

ልጅዎ ኤልሳ


ጎንደር፣ አራዳ
ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤልሳ

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። ፍራሹ ደረሰ። ዝናሽ የመጀመሪያ ቀን ከላዩ ላይ ስትንሳፈፍ ፈርታ እጄን አልለቅ አለች፤ አሁን ግን ትተኛበታለች።

ልኬቱን በወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። የለካሁት በስፌት ሜትሬ ነው፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ናት፣ እየቆረጥሁ እየደመርሁ። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ሰው ለክቻለሁ፤ ሰው «እጅህን አንሣ» ሲሉት ያነሣል፣ ቤት ግን እንደ በቅሎ ደንቆሮ ነው። የግድግዳው ውፍረት ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር ሆኖ ሳገኘው ቅድመ አያታችን ማንን ፈርቶ እንደነበር ገረመኝ።

የቢሮው ኮሚቴም ባለፈው ሳምንት መጥቶ አይቷል። ሊመጡ ነው ሲሉኝ፣ እንግዳ በጥቀርሻ አይቀበሉም ብዬ ምድር ቤቱን ዙሪያውን ለስኜ ኖራ ቀባሁት። ሦስት ቀን በገዛ እጄ። የተላኩት ሦስት ሰዎች ገብተው ሲያዩ «ቅርስ እንዲህ ነው መያዝ» ብለው አመሰገኑኝ። ፎቶ አንሥተው ሄዱ።

ጎረቤታችንን አያ ወርቅአፈራሁን ታስታውሻቸዋለሽ? የሳቸው ቤት ሲታይ «አደጋ ላይ ነው፣ ጥናት እስኪደረግ ውጡ» ተባሉ። ወጡ። አምስት ዓመት በኪራይ ቤት ሲጠብቁ ሞቱ፤ ጥናቱ እስከ ዛሬ አልመጣም፤ በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ዝጎ ወድቋል። እኛን ከዚያ ያወጣን አምላክ ይመስገን።

ፕላኑን ቶሎ።

አጎትሽ አለበል


በርገን
መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ አለበል

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ጾሙን አምላክ በሰላም ያስፈጽምዎ፤ እትዬ ዝናሽን ግን አያስጹሟት።

ፕላኑ ግማሽ ደርሷል። ከሥራ በኋላ ቢሮው ባዶ ሲሆን ነው የምሠራው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ስሄድ እዚህ ያለ አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ አገኘው። «የአባትሽ ቤት ነው?» አለኝ። ነው አልሁት። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየውና ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ሦስቱንም አላወቅሁም።

አንደኛ፣ ፎቁን የተሸከሙት ወራጅ እንጨቶች በየት በኩል ነው የተኙት? ሁለተኛ፣ የውጭ ደረጃው ከግድግዳው ጋር ተሣሥሮ ነው የተገነባ ወይስ ለብቻው ቆሞ ነው? ሦስተኛ፣ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ አለ ወይ? ካለ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል፣ ጣት ያስገባል ወይስ ጥፍር? ይህን ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ።

እባክዎ ሦስቱንም ይጻፉልኝ። የእትዬ ዝናሽንም ነገር ሳይደብቁ።

ልጅዎ ኤልሳ


ጎንደር፣ አራዳ
ሚያዝያ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤልሳ

የሰማይ አባት ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ።

ስለ ወራጆቹ የጠየቅሽኝን አይቻለሁ። ከመንገዱ ግድግዳ ወደ ጓሮው ግድግዳ ነው የተኙት፤ ዘጠኝ ናቸው፤ ከሁሉ የወፈረው የመንገዱን ግድግዳ እመሐሉ ላይ ነው የሚጫነው። ጥድ ነው፣ ምስጥ አልነካውም፤ በቢላ ወግቼ አይቼዋለሁ። ደረጃውም ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ ድንጋዮቹ እንደ እጅ ጣት ተቆላልፈዋል። ሌላው ሁሉ ሸጋ ነው። ይህ ቤት ከእኛ በፊት የነበረ ከእኛ በኋላም የሚኖር ስለሆነ አትስጊ።

የዝናሽን ነገር አትደብቁ ብለሻል። ቁስሉ አልቀረም፤ ወገቧ ላይ አንድ፣ ተረከዟ ላይ አንድ ሆኗል። ባለፈው ሰኞ ሳነሣት ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወደቅን፤ ጎረቤት እስኪመጣ ተቃቅፈን ተኛን። አልቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ፣ ምን አፍራለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብላት በደኅና እጇ ክንዴን ይዛ ወደ ወለሉ ደጋግማ ታሳየኝ ነበር። መውረድ ናፍቋታል።

ፍጠኚልኝ ልጄ። የአንቺ ኤምባሲና የእኔ ቢሮ እስኪገናኙ እሷ ታልቅብኛለች።

አጎትሽ አለበል


በርገን
ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ አለበል

እንደምን ሰነበቱ? ለመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ስዊድን ድረስ ሄጄ አንድ ማኅተም ጎድሎ ተመለስሁ፣ እንደገና ሄድሁ።

አሁን ሁለቱም አብረው አሉ፤ የጸደቀው ስምምነትና ፕላኑ በአራት ገጽ። ወፍራሙ ወራጅ እመሐል ላይ ስለሚጫን በሩን እዚያ ማድረግ አልደፈርሁም። ወደ ደረጃው አስጠግቼዋለሁ፤ እትዬ ዝናሽም በደረጃው ከለላ ስለምትሆን አቧራ አይበዛባትም።

ስለ ስንጥቅ የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ዝም ማለትዎን የለም ማለት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ፕላኑ ላይም «ስንጥቅ የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ካለ ለቢሮው ከመሰጠቱ በፊት ይሰርዙትና ይንገሩኝ።

ልጅዎ ኤልሳ


ጎንደር፣ አራዳ
ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤልሳ

በረከትሽ ይብዛ! ማሩ እንዲህ ያለች ልጅ ወልዶ ሳያያት ሞተ እያልሁ ብቻዬን ሳወራ ሰነበትሁ።

ተፈቀደ። ፕላኑን ገና ሲዘረጉት የቢሮው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ መስመርሽ እንደ ጥልፍ ነው። ከሥር የሚፈርመው አንዳርጋቸው የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ሱሪውን ስሰፋለት የኖርሁ ደንበኛዬ። «የኖርዌይ መሐንዲስ በሠራችው ላይ እኔ ምን ልጨምር» አለና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ፈረመ። ቤቱን እይልኝ ብለው ዝናብ ነው አለኝ። በሩን ወደ ደረጃው ማስጠጋትሽንም አየሁ፤ መቼም አንቺ የምታውቂው ይሻላል።

የሚሠራልን ግንበኛው ደመቀ ነው፤ የይመኙሽ ባል፣ ታች መንደር ያለው። የቤተ ክርስቲያን አጥር ሲሠራ ያየሁት ጠንቃቃ ሰው ነው። «በክረምት ግድግዳ አይነካም፤ መስቀል ይለፍ» አለኝ። እኔ ነገ ባለ ደስ ባለኝ፣ ግን ልክ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል።

ለዝናሽ ነገርኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደስታም ሲበዛ ያስከፋል መሰለኝ።

አጎትሽ አለበል


በርገን
ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአያ አለበል

አዲሱ ዓመት እንዴት ገባላችሁ? በሩስ ተከፈተ? ለእንቁጣጣሽ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። አራት ጊዜ ደወልሁ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። አክስቴ አማረች ዘንድ ብደውል «ደኅና ናቸው» ብላ ዘጋችብኝ። አክስቴ አማረች ስልክ ዘግታ አታውቅም፤ አዘጋጉንም አታውቀው።

አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ክፉም ቢሆን።

ኤልሳ


ጎንደር
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤልሳ

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የመንገዱ ግድግዳ ወደቀ። ደመቀ ከሥሩ ነበረ። ሥራው ከተጀመረ አራተኛ ቀኑ ነው። እንጨት አስደግፎ የበሩን ላይኛ ድንጋዮች ሲያወጣ ደረጃው ከግድግዳው ተላቀቀ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። ረዳቱን «ውጣ!» ብሎ ሲጮህ ከላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። እሱ ግን አልወጣም። ከድንጋዩ ሥር እስኪያወጡት እስከ ቀትር ፈጀ። ሞቶ ነበር።

የፎቁ ወለል በአንድ ጥግ ተንጠልጥሎ ቀረ። የዝናሽ አልጋ በሌላው ጥግ ነበርና እሷም፣ አጠገቧ የነበርሁት እኔም ተረፍን። ጎረቤቶች በመሰላል አወረዷት። ወረደች እንግዲህ።

መሐንዲሱ አንዳርጋቸው ታስሯል። እኔንም ፖሊስ ጠይቆኝ የማውቀው የለም አልሁ። ስለ ፕላኑ ማንም ቢጠይቅሽ ምንም አትበዪ። ልቅሶ ደረስሁ፤ ይመኙሽ አራት ልጆች አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እኔን ስታይ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። በዚያ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጥሁ አላውቅም።

አለበል


በርገን
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አለበል

ለሟቹ ነፍስ ይማርልን፤ ለይመኙሽና ለልጆቿ መጽናናትን ይስጥ። ከዚህ በላይ ምን ብዬ ሰላም እላለሁ?

ምንም አትበዪ ብለውኛል። አልችልም። መሐንዲስ አይደለሁም። የምሠራው መሐንዲሶች ቢሮ ነው ያልኩት እውነት ነው፤ ወለላቸውን የምወለውለው፣ ቆሻሻቸውን የማወጣው እኔ ነኝ። ጎንደር ሳለሁ ድራፍቲንግ የሚሉትን የፕላን ሥዕል ትምህርት ሁለት ዓመት ተምሬ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ፕላኑን የሣልሁት ከቅርጫታቸው ባነሣሁት ወረቀት ጀርባ ነው፤ በኋላ በንጹሕ ገለበጥሁት። አንዳርጋቸው የፈረመው በጽዳት ሠራተኛ ሥራ ላይ ነው።

ስንት ጊዜ ልነግርዎ አሰብሁ። እርስዎ በየደብዳቤው ሲኮሩ፣ ቢያንስ አንድ ሰው የሚኮራብኝ ይኑር እያልሁ ተውሁት። ስለ ስንጥቁ መልስ ሳጣ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። መሐንዲስ ብሆን ደግሜ እጠይቅ፣ «ሳላውቅ አልሥልም» እል ነበር። አይደለሁምና፣ ብደጋግም አለማወቄ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። በሩን ከደረጃው አጠገብ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ያ ሽማግሌ መሐንዲስ ነገሩን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

ደመቀን የገደልሁት እኔ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

ይህን ሁሉ ጽፌ በኤምባሲው አስጸድቄያለሁ፤ አብሮ አለ። ለመርማሪው ይስጡልኝ፤ አንዳርጋቸው ይፈታ። ከፈለጉኝ እመጣለሁ።

ኤልሳ


ጎንደር
ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኤልሳ

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ለራሴ ልመናው ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ለአንቺ ብቻ ለመንሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ጎረቤት በሰጠን አንዲት ክፍል ውስጥ ለዝናሽ አነበብሁላት። «የገደልሁት እኔ ነኝ» ያልሽው ላይ ስደርስ በደኅና እጇ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። ከታመመች ወዲህ ሰምቻት በማላውቀው ጥራት «ስንጥቁን ነገርካት?» አለችኝ።

አልነገርሁሽም። አሁን ልንገርሽ።

ስንጥቁ ነበረ። ዝናሽ ከመታመሟ ሁለት ክረምት ቀድሞ ወጣ፤ ከደረጃው ሥር ተነሥቶ እስከ ወራጆቹ። መሐሉ ላይ ጣቴ እስከ ሥሩ ይገባ ነበር። አይጥ እንዳይገባበት የእኔን የስፌት ቁርጥራጭ እየጠቀለለች የምትወትፈው ዝናሽ ነበረች። ኮሚቴው ሲመጣ የላይ የላዩን ጨርቅ አውጥቼ፣ ውስጥ የዘለቀውን እዚያው ትቼ፣ በጭቃ ደፍኜ ኖራ ቀባሁበት። ለእንግዳ ክብር ነው ብዬ ጻፍሁልሽ። እንደ አያ ወርቅአፈራሁ ውጡ እንዳይሉን ነው። በሽተኛ ይዤ የት እወጣለሁ? የቤት ገመና ለሰው አይታይም ብለው ነው ያሳደጉን፤ እኔም የቤቱን ገመና ሸፈንሁ።

አንቺ ስትጠይቂኝ ብነግርሽ ፕላኑን አትሠሪውም ብዬ ዘለልሁት። ዝናሽ ክንዴን ይዛ ወደ ወለሉ ስትጠቁም ስንጥቁን ማለቷ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል። በሩን ወደ ደረጃው ስታስጠጊው ስንጥቁ እዚያ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ግን «መሐንዲሷ አውቃ ነው፣ ስንጥቁም ምንም አይል ይሆናል» ብዬ ራሴን ሸነገልሁ። «ስንጥቅ የለም» ያልሽውን ቃል በጣቴ ሸፍኜ ነው ወረቀቱን ለቢሮው የሰጠሁት። አንቺ እኔን አምነሽ፣ እኔ አንቺን አምኜ፣ አንዳርጋቸው ሁለታችንን አምኖ፣ ደመቀ ሦስታችንን አምኖ ሞተ።

ከዚህ የባሰ አለ። ረቡዕ ዕለት፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደመቀ ከታች ጠራኝ። በእጁ ሰማያዊ ጨርቅ ይዟል፤ የሰፋሁት የተማሪ ዩኒፎርም ቁራጭ ነው። «አያ አለበል፣ ድንጋዩ መሐል ጨርቅ አገኘሁ፤ ምንድር ነው?» አለኝ። «አይጥ አስገብታው ይሆናል» አልሁት። «የአራዳ አይጥ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት እንዴ!» ብሎ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ። አንድ ቃል ብናገር ዛሬ በልጆቹ መሐል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ሰው እስኪሞት ነው ያደረው።

ትናንት ሽማግሌዎች አስቀድሜ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ይመኙሽ ደጅ ሄድሁ። ስለ ስንጥቁም ስለ ጨርቁም ሁሉንም በሰው ፊት ተናገርሁ። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ታወርድልኝ እንደሆነ ጠበቅሁ። አላወረደችልኝም። «ለካ ወንበር ሰጥቼሃለሁ» አለችኝና ገብታ በሩን ዘጋችው። አልፈርድባትም። ድንጋዩን ተሸክሜ ተመለስሁ።

ነገ ገና ነው፤ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ እገባለሁ። ያንቺን ወረቀት አብሬ እሰጣለሁ፤ መደበቅ በቃኝ። የእኔን ኃጢአት ግን አትሸከሚ። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ ሳነብ «መሐንዲስ ነኝ» ያልሽበት አንድ ቦታ አጣሁ። መሐንዲስ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። ዝናሽ በደኅናዋ ጊዜ «ልጅቷ መቼ አለች?» ብላኝ ታውቃለች፤ ዝም በይ ያልኋትም እኔው ነኝ።

ዝናሽን አማረች ዛሬ ጠዋት መጥታ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወሰደቻት። ሚኒባሱ ውስጥ ፍራሽሽን ዘርግተን አስተኛናት። ደኅና ሁኚ ስላት ፊቷን አላዞረችብኝም፤ ለእኔ ይህ ብዙ ነው።

ከእንግዲህ በእኔ ስም አትጻፊ፤ ለዝናሽ ጻፊላት። አማረች ማንበብ አትችልም፣ ደብዳቤውን የሚያነቡላት የደብሩ ቄስ ናቸው፤ የአማረች ቤት ደግሞ ጎረቤት አይለየውም፣ የምትጽፊውን መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። እንደዚያም ሆኖ ሥራሽን ጻፊላት። የምትወለውዪውን ወለል፣ የምታወጪውን ቆሻሻ፣ ሁሉንም እንዳለ ጻፊላት።

አጎትሽ አለበል